ያልተመለሰው የወንፈል ቀን

ከአዊ ዞን ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሹራቤን ሁለት ጊዜ ባጥበውም የጭስ ሽታው አለቀቀም፤ እውነቱን ለመናገር ሦስተኛ ጊዜ ላጥበው አልፈለግሁም። ድሬዳዋ ያሉት እናቴና አክስቶቼ በየቀኑ እየደወሉ «እና ከዚያስ?» ይሉኛል። በስልክ እየቆራረጥኩ ከምነግራቸው ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጽፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ከእነሱ ውስጥ የዞኑን ከተማ እንጅባራን የሚያይ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ብርዱን ገና ስነግራቸው ስልኩን አርቀው የያዙት ይመስለኛል። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ። ይህን ያስተማሩን በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

አዲስ አበባ የሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት። ርዕሴን ራሴ ነው የመረጥኩት። አዲስ ቅዳም አካባቢ ገበሬው በማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት፣ ዛፉ መቼ ይቆረጥ የሚለውን ቤት ውስጥ ማን እንደሚወስን ነው፤ ባል ወይስ ሚስት?

አማካሪዬ ርዕሱን ወደዱት፤ የተጠራጠሩት እኔን ነው። «አንቺ ሰው ማስደሰት ትወጃለሽ» አሉኝ። «የምትጠይቂውም ሰው አንቺን ለማስደሰት ይመልስልሻል። ሁለታችሁም ደስ ብሏችሁ ትለያያላችሁ፤ እኔ ጋ የሚደርስ ነገር ግን አይኖርም።» በዚህ ተስማማን፦ በስድስት ቀን ውስጥ ከልብ የተነገረ አንድ ጨዋታ እንኳ ካመጣሁ ርዕሱ የእኔ ይሆናል። ካላመጣሁ እሳቸው ቢሮ ተቀምጬ ሌሎች የሰበሰቡትን መጠይቅ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። የመጠይቁ ክምር ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ቁመቱ እስከ ክርኔ ይደርሳል።

ሁለት ደብተር ገዛሁ። ሰማያዊው ሰዎች ለሚሉት፣ ቀዩ እኔ ለሚሰማኝ። ሲነግሩኝ ቅርብ እንድሆን፣ ስጽፍ ደግሞ ራቅ እንድል ታዝዣለሁ። ይህን ሰማያዊው ደብተር ሽፋን ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ ሽፋኑ የሰዎች ቃል ብቻ መያዝ አለበት ብዬ ፋቅሁትና ቀዩ ላይ ጻፍኩት።

ሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ቡሬ የሚሄዱ ሴት ገና ከከተማ ሳንወጣ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ ፍቼ ስንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ነበር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሲገባ ሰው ሁሉ መስኮት ይከፍታል፣ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ድሬ የደረስኩ መስሎኝ። ሽቅብ ስንወጣ ደስታዬም አብሮ ቀዘቀዘ። ዘንገና ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ስለሆነ እንዳያመልጥሽ ተብዬ ነበር። ተኝቼ አለፍኩት።

እንጅባራ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። እኔ የባጃጅ አገር ልጅ ነኝ፤ ድሬ ላይ ባጃጅ ንፋስ መቀበያ ነው። እዚህ ግን ባጃጁ በፕላስቲክ መጋረጃ ተጀቡኖ፣ ሹፌሩም በጋቢ ተጀቡኖ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ያነጥሳሉ። ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ሁለት ብርድ ልብስ ሰጡኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ድሬ ስላቸው ሄደው ሦስተኛ አመጡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይዘው መጡና እግሬ ሥር እንዳደርገው አዘዙኝ። ቀዩ ደብተር ላይ «የመጀመሪያ ቀን፦ ጠርሙስ አቅፌ ተኛሁ» የሚል አለ።

ማክሰኞ

በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ሄድኩ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሙሉጌታ ይጠብቀኝ ነበር፤ ባጃጁ እስከሚችልበት ሄደን የቀረውን በእግር ወጣነው። በግራም በቀኝም ዲከረንስ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ የሚጨልም። ድሬ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ሃያ ሰው ይቀመጣል፤ እዚህ ዛፉ ራሱ ሰው ይመስል ተጋፍቶ ቆሟል።

ያረፍኩት አቶ አንለይና ወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ነው። አቶ አንለይ ጺማቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ካገሬ ይዤ የመጣሁት ጠባይ አለ፤ ድሬ ውስጥ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው፤ ፍቅራችን ነው። በዚያ በጉጉቴ መሃል «አንተ ስንት ልጆች አሉህ?» አልኳቸው። ሙሉጌታ ጫማውን አየ። ወይዘሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ልጅቱ ዝምድናዋን ይዛ መጥታለች» ሲሉ አቶ አንለይም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ያላልኩት ፍጡር የለም፤ ሙሉጌታን፣ የባጃጅ ሹፌሩን፣ በር ላይ የተጋደመውን ውሻ ሳይቀር «ያሳልፉኝ» ብዬዋለሁ።

ስጦታ ብዬ ሐላዋ ይዤ ነበር። የጾም ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ ስለማላውቅ፣ እስከ ገና ይቆይ ተብሎ ከፍ ያለ ቦታ ተሰቀለ።

ጥያቄው ላይ ባልና ሚስት ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው መደብ ላይ ተቀመጡ። የድምፅ መቅጃዬን አበራሁ። ዛፉ መቼ እንደሚቆረጥ ማን ይወስናል? አቶ አንለይ ሙሉጌታን አዩ፤ ሙሉጌታ ጣራውን አየ። «ባልና ሚስት ተመካክረን ነው» አሉ። ወይዘሮ ጥሩዬም አንገታቸውን ነቀነቁ። መቅጃውን ስዘጋው በአገውኛ የሆነ ነገር ተባባሉና ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ሌላ ሁለት ቤት ሄድን። መልሱ ያው፣ ቃሉም ያው። እምቢ ማለት ስለማልችል በየቤቱ ምሳ በላሁ፤ ሁለት ጊዜ ሽሮ፣ አንድ ጊዜ ድንች በሚጥሚጣ። ማታ ሙሉጌታ ወደ ከተማ ሲመለስ እኔ እነ አቶ አንለይ ቤት፣ ባሕር ዳር በምትማረው ልጃቸው አልጋ ላይ ተኛሁ። ሰማያዊው ደብተር ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ቀዩ ሦስቱን ምሳ ይዟል።

ረቡዕ

ጠዋት ስነሣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የእነ አቶ አንለይ የወንፈል ተራ ነበር። ወንፈል ማለት ዛሬ ጎረቤት ላንተ ይሠራል፣ ነገ አንተ ለእሱ ትሠራለህ፤ ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። የተቆረጠውን ግንድ መከመር፣ በቅጠል መሸፈን፣ አፈር ማልበስ፣ ከዚያ ማቀጣጠል ነው ሥራው። ዘጠኝ ነበሩ። እኔም አሥረኛ ሆኜ ገባሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲወዱኝ ፈልጌ ነው።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ቅጠል ተሸክሜ ስወድቅ ቅጠሉ ላይ ስለምወድቅ አያመኝም። ስኒከሬ አፈሩ ውስጥ ቀረ፣ ተቆፍሮ ወጣ፣ እንደገና ቀረ። የወይዘሮ ጥሩዬ ጎረቤት እትዬ ብርቄ፣ የኔን ሸክምና ያንድ ዶሮ ጎጆ እያነጻጸሩ ሲያስቁ ዋሉ። ቄስ አዳሙ እንኳ፣ ጥምጥማቸውን በሻሽ ቀይረው ግንድ የሚከምሩት ቄስ፣ እኔ ሳልፍ ፊታቸውን ወደ ሌላ እያዞሩ ነበር የሚስቁት።

ማቀጣጠያ ሰዓት ሲደርስ አቶ አንለይ «ወረቀት አለሽ?» አሉኝ። እሺ ብዬ ከቦርሳዬ አንድ እስር አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሳቱ ተያይዞ ሁሉም «ጎበዝ!» ካለ በኋላ ነው፣ ያቃጠልነው ሰዎች ለመጠየቅ ፈቃደኛ መሆናቸውን የሚፈርሙበትን ቅጽ መሆኑን ያየሁት። አንድም አልተረፈም።

አሁን ዋናው ነገር። ከዚያ በፊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ወንዶቹ ወዲያ ማዶ ግንድ ሲያነሡ፣ እኛ ሴቶቹ ከወዲህ ቅጠል እንረበርብ ነበር። እትዬ ብርቄ፣ የላይኛው ማሳ ዛፍ ዘንድሮም ሳይቆረጥ እንዴት ቆመ ብለው ወይዘሮ ጥሩዬን ነካ አደረጓቸው። ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ወንዶቹ አዩና መለሱ። በአማርኛ ነው የመለሱት፤ እኔም እንድስቅ ይመስለኛል። እትዬ ብርቄ ከሳቃቸው የተነሣ መሬት ተቀመጡ። እኔ ሸክሜን ጣልኩ። ያ መልስ ርዕሴን ከመረጥኩ ጀምሮ ስጠይቅ የነበረው ጥያቄ መልስ ነው፤ ማን እንደሚወስን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚወሰን ጭምር። ምን እንዳሉ ግን እዚህ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ይመጣል።

ማታ ሰማያዊውን ደብተር ከፍቼ «ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ» አልኩና ቆምኩ። መቅጃዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቅጽ አልተፈረመም። እሳቸው ያወሩት ለሥራ ጓደኞቻቸው ነው፤ እኔም አፌ እስኪደርቅ የሳቅሁት እንደ ጓደኛ ነው። ታዲያ ይህ ለየትኛው ደብተር ነው? ገጹን ባዶ ትቼ ተኛሁ፤ እጄም እስክሪብቶ መያዝ አቅቶት ነበር።

ሐሙስ

ቅጹን እንደገና ለማሳተም አዲስ ቅዳም ወረድኩ። መብራት የለም። በሚኒባስ ዳንግላ ሄድኩ። ዳንግላ ፀሐይዋ ትሞቃለች፤ ከወረድኩበት ቆሜ ፊቴን ወደ ላይ አድርጌ ስሞቅ አንዲት ሴትዮ አሞሽ ነው ወይ ብላ ያዘችኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ያለው ወጣት ከረቡዕ ሥራ የጠቆረ እጄን አይቶ ወረቀቱን ራሱ ቆጥሮ በፌስታል አደረገልኝና፣ በላዩ ላይ «ከእሳት ይጠበቅ» ብሎ ጻፈበት። ታሪኩን ነግሬው ነበር።

ከዚያ ለአማካሪዬ ደወልኩ። አገኘሁት አልኳቸው፤ ከልብ የተነገረውን አገኘሁት። ሰምተውኝ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ሲነግሩሽ ተማሪ መሆንሽን ያስታውሱ ነበር?»

«ሀሎ? ሀሎ?» አሉ። ኔትወርክ የጠፋ መስሏቸው ነበር፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ፣ ሂጂና ራሳቸውን ጠይቂ፣ እምቢ ካሉ የለም ማለት ነው ብለው ዘጉት። በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ቅጾቼን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ የመጠይቁን ክምር ቁመት እያሰብኩ መጣሁ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ቅቅል ድንች ይዘው ቆዩኝ። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አቶ አንለይ ገቡና ነገ ወንፈልሽ ይመለሳል አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። እሺ አልኩ።

ዓርብ

ማርያም ነበረች፤ ማሳ የሚነካ የለም። ጠዋት በር ስከፍት ዘጠኙም፣ ከቄስ አዳሙ በቀር፣ ነጭ ለብሰው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። አቶ አንለይ ቆመው አስረዱኝ፤ ረቡዕ አንድ ቀን ሙሉ ስለሠራሁላቸው ቀኔ መመለስ አለበት። «ማሳ የላት፣ ከብት የላት» አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «ሥራዋ ጥያቄ ነው። ዛሬ የእሷን እንሠራለን።»

እንባዬ መጣ። መቅጃዬን አበራሁ።

የመጀመሪያው «ባልና ሚስት ተመካክረን ነው» አለ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። አራተኛው መሃል ላይ ሲጠፋበት አቶ አንለይ በሹክሹክታ «ተመካክረን» ብለው አስታወሱት። ማታውን አጥንተዋል። ለእኔ ብለው፣ የምወደው መልስ የትኛው እንደሆነ ማክሰኞ አይተው፣ እንደ ግንድ አስተካክለው ከምረውልኛል። ስድስተኛው ሳያገባ የሚኖር አንድ ወጣት ነው፤ እሱም ኮራ ብሎ «ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ነው» አለ።

«መቼ አገባህ?» አሉት እትዬ ብርቄ።

አግዳሚው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ደረሰ። እኔም መቅጃውን በሁለት እጄ ይዤ እየሳቅሁ፣ እየሳቅሁ መሃል ደግሞ ርዕሴ እየሄደ እንደሆነ እያየሁት ነበር።

ቄስ አዳሙ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ይሄኔ ነው። በበዓል ምን እየተሠራ ነው ብለው ጠየቁ። አቶ አንለይ ወሬ ነው እንጂ ሥራ አይደለም አሉ። ቄሱ መቋሚያቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። «ሥራ ካልሆነ ወንፈሏ አልተመለሰም። ሥራ ከሆነ በዓል ሽራችኋል። የቱ ነው?»

ክርክር ተነሣ። አንዱ ጥያቄ መመለስ እንደሚያልብ ምሎ ተናገረ። እትዬ ብርቄ፣ ወሬ ሥራ ቢሆን እኔ ይሄኔ የት በደረስኩ አሉ። በአገውኛ ተከራከሩ፣ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ደገሙት፣ እንደገና በአገውኛ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ይህ ሥራሽ ነው ወይስ ጨዋታ?»

ሁሉም አየኝ። ሥራ ነው ካልኩ እነዚህ ደግ ሰዎች በእኔ የተነሣ በዓል የሻሩ ይሆናሉ። ጨዋታ ነው ካልኩ የቀዳሁት ሁሉ ለአማካሪዬ የሚሆን አይደለም። ግን ማንን ላስደስት ብዬ ሳስብ ታየኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ ያየሁት በእውነትም ጨዋታ ነበር።

«ጨዋታ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ደግ ጨዋታ ነበር» አሉ ቄሱ። «ቀኗ ግን ገና አለች።»

መቅጃውን ዘጋሁት። ያኔ ትከሻዎች ሁሉ ወረዱ። ድንች መጣ፣ ጠላ መጣ፤ ያልተመካከሩት ሁሉ ያን ጊዜ መመካከር ጀመሩ፤ ስለ ወጣቱ ጋብቻ።

ቅዳሜ

በአዲስ ቅዳም የገበያ ቀኑ ቅዳሜ ነው። መንገዱ ከሰል በጫኑ አህዮች ተሞልቶ ወይዘሮ ጥሩዬ ድንች አዝለው ሊሸኙኝ አብረውኝ ወረዱ። ሦስት ጊዜ ልጠይቅ ብዬ ሦስት ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁ። አስፋልቱ ሲታይ ግን ጊዜ አልቆ ነበር።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ረቡዕ ስለ ላይኛው ዛፍ ያሉትን ልጻፈው?»

አንዷን አህያ አሳለፉ። «የቱን?»

«እትዬ ብርቄን መሬት ያስቀመጣቸውን።»

ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ሰብሰብ አደረጉት። «እሱን የነገርኩት ቅጠል ለያዘችው ልጅ ነው። ወረቀት ለያዘችው አይደለም።»

«እሺ። አልጽፈውም።»

ያ ሳምንት ስንት እሺ እንዳልኩ አላውቅም፤ ይህኛው ግን ከበደኝ። የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ወጣ። ወይዘሮ ጥሩዬ ጥቂት ሄዱና ቆሙ። ድንቹን ወደ ሌላ ትከሻ አዛወሩ።

«ቀንሽ አለች አይደል? ቄሱ ብለዋል» አሉ። «እንግዲህ በሥራ ቀን ነይ። ያን ጊዜ ያንን መቅጃሽን አውጥተሽ አስቀምጪው። እኔም አስቤበት እጠብቅሻለሁ፤ የሚጻፈውን ከማይጻፈው ለይቼ እነግርሻለሁ። ሥራም አይደል? ለወንፈልሽ ይሆናል።»

ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ ቆመ። ለመንገድ ብለው አምስት ድንች ቦርሳዬ ውስጥ ጨመሩልኝ፤ ቅጾቼ ላይ። ሰማያዊውን ደብተር ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ባዶውን ገጽ ሳየው፣ አንድ ሰው ከኋላዬ «ዘንገና ያ ነው» ሲል ሰማሁ። ቀና ስል አልፈነዋል።

ሰኞ ለት አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። የቀዳሁትን ከፈትኩላቸው። ሦስተኛው «ተመካክረን ነው» ላይ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያላገባው ልጅ ላይ ሲደርስ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር አገላብጠው ባዶው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይህስ?»

«የተነገረኝ ነው፤ ግን ለእኔ አልነበረም። ጠየቅኋቸው፤ እምቢ አሉ።»

«ታዲያ ምን አመጣሽልኝ?»

ደስ የሚላቸውን መልስ አልፈለግሁም። ብፈልግም አላገኘውም ነበር። «አንድ ቀን አለኝ» አልኳቸው፤ «አዲስ ቅዳም አካባቢ» ብዬ ስለ ወንፈሉ፣ ስለ ማርያም፣ ወይዘሮ ጥሩዬ አስፋልቱ ዳር ስላሉት ነገር ሁሉንም ነገርኳቸው።

ያን እስከ ክርኔ የሚደርሰውን የመጠይቅ ክምር በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ገፉት።

«ከገና በኋላ ሂጂ» አሉኝ። «መጀመሪያ ግን ቀኑ በዓል አለመሆኑን ቄሱን ጠይቂ።»